ቅጂው ከዋናው ቀድሞ ስም አገኘ፦ «አዲስ ዓሣ የሚባል የለም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። እኔ ዘንድ ብቻ ከአራት ሰው ደርሷል። አንዱማ፣ ቧልተኛ ነው፣ «አንተ የዓሣ ሰው አይደለህ፣ በል ውጣ!» ብሎ ጨምሮበታል። ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ሁለተኛው ላይ ሻዩ ቀዘቀዘብኝ።

ላላነበባችሁት ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። አዲስ የዓሣ ዝርያ ተገኘ የሚባለው ፈረንጅ እኛ ድሮ የምናውቀውን ዓሣ በላቲን እየጠራ የሚሸጥልን ወሬ ነው ይላል። ዓሣ ሌላውን ዓሣ አስመስሎ ይኖራል፣ ሚሚክሪ ይባላል የሚሉት ደግሞ ተረት ነው፤ ዓሣ ምን አእምሮ አለውና ይቀዳል ይላል። ስልክ ካሜራና ዲኤንኤ ባለበት ዘመን ቅርፊት መቁጠር የጡረተኛ ሥራ ነው ይላል። ሳይንቲስቶቹ ስማቸውን ለማስጠራት አንዱን ዓሣ አሥር ያደርጉታል፣ የአካባቢውን ሰው ዕውቀት ግን አይጠቅሱም ይላል። ማሳረጊያው ላይ ደግሞ ወሎ ውስጥ ያለው ቀረሶና አምባዛ ነው፣ እሱም ይበላል እንጂ አይጠናም ብሎ ይዘጋዋል።

ጸሐፊውን አላውቀውም። አጻጻፉ ግን የሀገሬ ልጅ መሆኑን ይመሰክራል፣ ስለዚህ ወንድሜ እያልኩ በአንተታ እቀጥላለሁ። እኔም ተመራማሪ አይደለሁም። ባዮሎጂ የማስተምር፣ ቅዳሜና እሑድ ወንዝ ለወንዝ የምዞር ሰው ነኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የዓሦቹ ስም ላይ የሚለጠፈው እሱ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ «አዲስ» የምትለዋን ቃል እንፍታት፣ ግማሹ ጸብ ከሷ ነው የመጣው። አዲስ ዝርያ ማለት ትናንት የተፈጠረ ዓሣ ማለት አይደለም። ለመዝገቡ አዲስ ማለት ነው። ጎረቤትህ ትናንት የቀበሌ መታወቂያ ቢያወጣ ትናንት ተወለደ ትላለህ? መታወቂያ የሌለው ሰው ግን ባንክ ሄዶ ሒሳብ ልክፈት ቢል ማን ይሰማዋል። ዓሣውም እንደዚያው ነው። መዝገብ ላይ ስሙ ከሌለ በዚህ ወራት አታጥምዱት የሚል መመሪያ ሊወጣለት አይችልም፤ ጠፋም አልጠፋም የሚቆጥረው የለም።

«እኛ የምናውቀውን» ያልከው ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ። እስኪ ጣናን እንይ። (ጣና የወሎ አይደለም እንዳትለኝ፣ ወደ ወሎው ሐይቅም እመጣለሁ።) ጣና ላይ ገበያው «ነጭ ዓሣ» ብሎ በአንድ ስም የሚሸጠው ዓሣ አለ። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ በ1830ዎቹ መጥቶ ከፊሉን ሰየመ። ጣሊያኖች በ1940 ሌሎች ጨመሩ። ከዚያ በ1973 አንድ እንግሊዛዊ ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ዝርያ ናቸው አለ። አየህ፣ ይህ ፈረንጅ ያንተ ሐሳብ ደጋፊ ነበር! አንድ ዓሣ ነው፣ አታብዙት ባይ። ናገልከርከና ሲቢንግ የሚባሉ ሆላንዳውያን በ1990ዎቹ ሐይቁ ላይ ተቀምጠው አፉን፣ ጭንቅላቱን፣ አንጀቱን፣ የሚበላውን፣ የሚውልበትን ጥልቀት ሲለኩ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በ1997 ሰባት፣ በ2000 ደግሞ አንድ አዲስ ስም ወጣ። ከድሮዎቹ ጋር ተደምሮ 15 ሆነ።

ታዲያ 15 ቢሆን ምን ይጠበስ ነው ጥያቄህ። ይኸው፦ ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው። ይህ ራሱ ጉድ ነው፣ ምክንያቱም እነዚህ ዓሦች ካርፕ የሚባለው ዓሣ ዘመድ ናቸው፣ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም። ግን ዋናው እሱ አይደለም። ገሚሶቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወንዝ ይወጣሉ፣ ሌሎቹ አይወጡም። ወንዝ የሚወጡትን የወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፤ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በ1980ዎቹ ከገባ በኋላ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ሁሉንም «ነጭ ዓሣ» ብለህ ብትቆጥር ሐይቅ ውስጥ የሚራባው ሲበዛ የወንዙ ሲያልቅ፣ ድምሩ ደህና መስሎ ይታይሃል። አንድ ስም ሬሳ ይደብቃል ማለት ይቻላል።

ደግሞ «ፈረንጅ» ብለህ ደጋግመሃል። ጣና ላይ ባርበስ ታናፔላጂየስ የተባለችው ትንሿ ዓሣ በ2000 ስትሰየም ከሰያሚዎቹ አንዱ እሸቴ ደጀን ነው። በ2007 ጋራ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች አምስት አዳዲስ ዝርያዎች ከኢትዮጵያ በአንድ ጽሑፍ ሲገለጹ አበበ ጌታሁን ከዓሣ ተመራማሪዋ ሜላኒ ስቲያስኒ ጋር ነው የሠራው። እሸቴም አበበም የኛ ሰዎች ናቸው። ማወቅ አለብህ ብዬ ሳይሆን፣ ጽሑፍህን ከመላክህ በፊት አንድ ሰው ብትጠይቅ ኖሮ ይነግርህ ነበር ለማለት ነው።

የአካባቢው ሰው ዕውቀት አይጠቀስም ያልከው ላይ ግን እጄን አነሳለሁ። እውነት ነው። ዓሣውን መረቡ ውስጥ አይቶ «ይሄ ሌላ ነው» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አጥማጁ ነው፣ ስሙ ግን ከጽሑፉ መጨረሻ በምስጋና መስመር ካለፈ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልሂድ። ዓሣ አእምሮ የለውም፣ ስለዚህ አይቀዳም ብለሃል። ወንድሜ፣ ዓሣው ቁጭ ብሎ መስታወት እያየ ራሱን ይቀባል ያለ ሰው የለም!

ባቲ ሰኞ ገበያ ቅቤ ገዝተህ ታውቃለህ? ከቅቤው ሌላ ነገር የሚቀላቅል ነጋዴ አለ። ለምን ይሳካለታል? እውነተኛ ቅቤ የሚሸጡ ሴቶች ብዙ ስለሆኑ ነው። ገዢው ከነሱ ገዝቶ ስለረካ ዓይኑ ያን ቀለም አምኗል። አስመሳዩ በነሱ ስም ነው የሚነግደው። ነገር ግን ቀላቃዩ ከበዛ፣ ገዢው ሁለት ሦስቴ ከተጃጃለ፣ ማንንም አያምንም፤ የደግዋም ቅቤ አይሸጥም። ይህን ቤትስ የሚባል እንግሊዛዊ አማዞን ላይ ቢራቢሮ ሲለቅም ነው ያስተዋለው፣ በ1862 ጻፈው። እሱ ያየው የተገላቢጦሹን ነው፦ መራራና መርዛማ ቢራቢሮ አለ፣ ወፍ አንዴ ቀምሶ ይተወዋል። ከጎኑ ምንም መራራ ያልሆነ፣ ቀለሙ ብቻ ያንን የሚመስል ሌላ ይበራል። ወፉ እሱንም ይተወዋል።

ዓሣ ላይ ልውሰድህ። ቀይ ባሕር ውስጥ፣ ይህ ሩቅ አይደለም፣ ከአፋር ተራራ ማዶ ነው፣ ሜያካንተስ ኒግሮሊኒያተስ የሚባል ጣት የሚያህል ዓሣ አለ። ፊቱ ሰማያዊ የሚል ግራጫ፣ ጅራቱ ቢጫ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ሰረዝ። የታች መንጋጋው ላይ መርዝ የሚያስተላልፉ ሁለት ረጃጅም ጥርሶች አሉት። ትልቅ ዓሣ ጎረስ ሲያደርገው አፉ ውስጥ ሆኖ ይነክሰዋል፣ ትልቁ ዓሣ መንጋጋውን እያንቀጠቀጠ ይተፋዋል፣ ትንሹ ዓሣ ምንም ሳይሆን ይሄዳል። የዚህ ወገን ዓሦች መርዝ በ2017 ሲጠና የደም ግፊት የሚያወርድ ሆኖ ተገኝቷል፤ ትልቁ ዓሣ አፉን ከፍቶ ፍዝዝ የሚለው ወዶ አይደለም።

እዚያው ድንጋይ ላይ ኤክሴኒየስ ግራቪየሪ የሚባል ሌላ ዓሣ አለ። ያው ግራጫ ፊት፣ ያው ቢጫ ጅራት፣ ያው ጥቁር ሰረዝ። አዋኛኘቱም ያው ነው። አፉን ስትከፍተው ግን እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ ጥቃቅን ጥርሶች ናቸው። አልጌ ፋቂ ነው። መርዝ የለው፣ ምን የለው።

እንዴት እዚህ ደረሰ? ከአያቶቹ ልጆች መሐል አንዱ ጅራቱ ትንሽ ቢጫ ሆኖ ተወለደ እንበል። በአጋጣሚ። ቀድሞ በመርዛሙ የተነከሰ ትልቅ ዓሣ ሊውጠው መጣና ቢጫዋን ሲያይ ለአፍታ አመነታ። ያቺ አፍታ ናት ሕይወቱ። አመለጠ፣ ወለደ። ከልጆቹ ይበልጥ የሚመስለው ይበልጥ አመለጠ። እንዲህ እየተባለ ስንት ሺህ ትውልድ። ቀጂው ዓሣው አይደለም ወንድሜ፤ የሚመርጠው የበዪው ትዝታ ነው።

እና አሁን ጽሑፍህን ለሁለት የሚከፍለውን ነገር ስማ። አስመሳዩ ኤክሴኒየስ ስም ያገኘው በ1906 ነው። መርዛሙ፣ ዋናው፣ ራሱን ችሎ የተሰየመው በ1969። 63 ዓመት ሙሉ ቅጂው መታወቂያ ይዞ ሲዞር ዋናው መታወቂያ አልነበረውም! በነዚያ ዓመታት አንዱ ሌላውን ያስመስላል ብሎ መጻፍ የሚችል ሰው አልነበረም፣ ምክንያቱም «ሌላው» ገና በስም የለም። መጀመሪያ ሁለት መሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል፣ መመሳሰላቸው ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው። አንተ ግን ስም ማውጣቱን ወሬ፣ መመሳሰሉን ተረት ብለህ ለየብቻ ጣልካቸው። አንድ ሥራ ናቸው። ያለ አንዱ ሌላው የለም።

ይህ ባሕር ነው፣ የወንዙን ንገረኝ ካልክ ደግሞ አማዞን እንሂድ። ኮሪዶራስ የሚባሉ የአምባዛ የሩቅ ዘመዶች አሉ። ጣት አይሞሉም። ጎናቸው በአጥንት ሰሌዳ የተሸፈነ ነው፣ ክንፋቸው ላይ ጠንካራ እሾህ አለ፣ መርዝም አለው። የሚገርመው በአንድ ወንዝ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ዝርያ ቁርጥ አንድ ዓይነት ቀለም ይዞ አንድ ላይ መንጋ ሆኖ ይሄዳል። ሌላ ወንዝ ስትሄድ ደግሞ ሌሎች ሁለት ሦስት፣ ሌላ ቀለም፣ ግን እርስ በርስ አንድ። እዚህ አታላይ የለም። ሁሉም እሾህ አለው። የተለያየ ግቢ ዘበኞች አንድ ዓይነት ካፖርት ቢለብሱ ሌባው አንዱ ዘንድ ዱላ ከቀመሰ ካፖርቱን ባየ ቁጥር ይሸሻል፣ ለሁሉም ይጠቅማል። ፍሪትዝ ሙለር የሚባል ጀርመናዊ ብራዚል ተቀምጦ በ1870ዎቹ ይህን አስልቶ አሳይቷል፣ እሱም በቢራቢሮ።

በ2011 አሌክሳንድሩና ጓደኞቹ እነዚህን ዓሦች በዲኤንኤ ሲያዩአቸው አንድ ቀለም የለበሱት ብዙ ጊዜ የቅርብ ዘመድ ሳይሆኑ ተገኙ። አንዱ አፍንጫው ረዘም ይላል፣ ሌላው አጠር። የሚበሉትም ይለያያል፣ ስለዚህ ጎን ለጎን ሲበሉ አይጣሉም። ሰዎቹ ቀለሙን ብቻ አይተው ቢሆን ኖሮ ሁለቱን አንድ ብለው ይመዘግቡ ነበር፤ ቤት ውስጥ ዓሣ ለሚያረቡ ሰዎች የሚሸጡ ነጋዴዎችማ ደባልቀው በአንድ ፌስታል መሸጣቸው የተለመደ ነው። በ2024 ይህ ትልቅ ወገን ለብዙ ተከፍሏል። «አቤት ማብዛት!» ልትል ነው። በል፣ ግን መጀመሪያ አፍንጫቸውን እያቸው።

ማላዊ ሐይቅ ውስጥ ያለውን ሳልነግርህ አላልፍም። ኒምቦክሮሚስ ሊቪንግስቶኒ ይሉታል፣ የአካባቢው አጥማጆች ካሊጎኖ ይሉታል፣ የሚተኛው እንደማለት ነው። አሸዋ ላይ በጎኑ ይጋደማል። ሰውነቱ እዚህም እዚያም እንደ ሻገተ ሥጋ ነጠብጣብ አለው። የሞተ ዓሣ መስሏቸው ትንንሾቹ ሊለቃቅሙት ሲጠጉ ላፍ! ስሙ ሥራውን ነው የሚናገረው፤ የአጥማጁ ስም ከላቲኑ ይሻላል የምትል ከሆነ በዚህ እስማማለሁ። የአማዞኑን ቅጠል መሳይ ዓሣ እንኳ ልተወው፣ ወንዙ ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ተዘቅዝቆ ሲንሳፈፍ በቪዲዮ ያላየው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ላይ ግን ልክ ነህ፣ አልክድም። ሚሚክሪ ላይ ሰዎች ያጋንናሉ። የሚታወቀው ምሳሌ እንዲህ ነው፦ ኮራል ላይ የትልልቅ ዓሦችን ተባይ የሚለቅም ዓሣ አለ፣ ላብሮይደስ ይባላል። እንደ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ደንበኞች ተራ ይጠብቃሉ። እሱን የሚመስል አስፒዶንተስ የሚባል ሌላ ዓሣ አለ፤ ደንበኛው አገልግሎት ሲጠብቅ ክንፉን ቦጭቆት ይሮጣል። አጭበርባሪ ፀጉር አስተካካይ፣ ጆሮህን ቆርጦ የሚሄድ። እኔም ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት እንደዚህ ብቻ አስተምሬአለሁ። ኩዋሙራ የሚባል ጃፓናዊ በ1983 ደግሞ ሲያጠናው ዓሣው ክንፍ የሚቦጭቀው ከስንት አንዴ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛውን ቀን የሚውለው የባሕር ትልና የሌላ ዓሣ እንቁላል ሲበላ ነው። የፀጉር አስተካካዩ ልብስ የሚጠቅመው እንዳይበላ ጭምር ይሆናል። ታሪኩ እንዳማረ አልቀረም፣ ያረሙት ግን እነዚያው ዓሣ የሚቆጥሩት ሰዎች ናቸው።

ካሜራና ዲኤንኤ ይበቃል ላልከው፣ ግማሹን ሳላስበው ከላይ መልሼልሃለሁ። እነዚያን ሁለት የቀይ ባሕር ዓሦች በስልክህ ብታነሣቸው ፎቶው አንድ ነው። አፋቸውን ካልከፈትክ አታውቅም። ዲኤንኤስ? የጣና 15ቱ ዓሦች በተለመደው የዲኤንኤ ምርመራ በደንብ አይለያዩም። ጣና ከአሥራ ምናምን ሺህ ዓመት በፊት ደርቆ የነበረ ሐይቅ ነው፣ ዓሦቹ የተለያዩት ትናንት በሉት። ዲኤንኤው ገና አልደረሰበትም፣ አፋቸውና ሆዳቸው ግን ደርሷል። ኮሪዶራስ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ መልኩ ያታልላል ዲኤንኤው ይናገራል። ስለዚህ ሁለቱንም ነው የሚያደርጉት። ዓሣው እንደተያዘ በሕይወት እያለ ፎቶ ይነሣል፣ ቀለሙ ናሙና ማስቀመጫው ማሰሮ ውስጥ ስለሚጠፋ። ከዚያ ከክንፉ ትንሽ ተቆርጦ አልኮል ውስጥ ይገባል፣ ምክንያቱም ገላው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሻል። ከዚያ ገላው ፎርማሊን፣ በኋላም አልኮል። ከዚያ ነው ያ አንተ የሳቅክበት ሥራ የሚጀመረው፣ ጎኑ ላይ ያለውን የቅርፊት መስመር መቁጠር፣ የክንፉን አጥንቶች፣ በኤክስሬይ የጀርባ አጥንቱን። በመጨረሻ አንዱ ዓሣ ይመረጥና ሆሎታይፕ ተብሎ ሙዚየም ይቀመጣል። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰው «ያ ስም የማን ነበር?» ብሎ ቢጣላ፣ ማሰሮው ተከፍቶ ዳኝነት የሚሰጠው እሱ ነው። ፎቶ አይዳኝም።

ስም ለማስጠራት ያበዛሉ ያልከው። አዎ፣ እንደዚያ ያደረጉ አሉ። አንዱን ዓሣ ሁለት ሦስቴ ሰይመው በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች በኋላ ተሰርዘዋል። ግን የሰረዛቸው ማን ነው? የኛው አምባዛ ምስክር ነው። ደቡብ አፍሪካ ክላሪያስ ጋሪፒነስ፣ ምሥራቅ አፍሪካ ክላሪያስ ሞዛምቢከስ፣ ሰሜን ደግሞ ክላሪያስ ላዜራ ሲባል ቆይቶ ቶይግልስ የሚባል ቤልጂጋዊ በ1980ዎቹ ሙዚየም ለሙዚየም ዞሮ፣ ቆጥሮ፣ ለክቶ፣ ሦስቱም አንድ ዓሣ ነው አለ። ሁለት ስም ጠፋ። በ1822 የተሰጠው የቀደመው ስለሆነ ጋሪፒነስ ጸና፤ ደንቡ ይኸው ነው፣ ቀድሞ የተሰየመ ይጸናል።

ወሎ ላይ ደረስኩ። ቀረሶና አምባዛ ብቻ ነው ያለው ብለሃል። ሐይቅ በሚባለው የወሎ ሐይቅ ላይ በዚህ ሰኔ ነበርኩ። የማውቀው አጥማጅ ልጅ አንዲት ሴት ቀረሶ አንሥቶ አገጯን ጫን ሲያደርጋት ቢጫ እንቁላል ከአፏ ግልብጥ ብሎ መዳፉ ላይ ፈሰሰ። ሴቷ እንቁላሏን የምታሳድገው አፏ ውስጥ ነው። «አየህ የኛ ሐይቅ ዓሣ» አለኝ። ሐይቁስ የኛ ነው፣ ዓሣው ግን እንግዳ ነው! ቀረሶ ሐይቅ የገባው በሰው እጅ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። እዚያው ባለው በጥንታዊው የእስጢፋኖስ ገዳም ዘመን ስንቆጥር ትናንት ማለት ነው። «የኛ» የሚለውንና በጭነት የመጣውን የሚለየው ማን ነው? ያው መዝገብ።

ቦርከና ወንዝ ደግሞ ሂድ። ከኮምቦልቻ በላይ፣ ውሃው ገና ንጹሕ የሆነበት ቦታ፣ ድንጋይ አንሥተህ በእጅህ ፈልግ። አንዲት ሌባ ጣት የማትሞላ ጥቁር ዓሣ ያዝኩ። ገልብጬ ሳያት ከአፏ ሥር፣ አገጯ ላይ፣ ክብ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ ነገር አላት። መዳፌን ስገለብጠው አልወደቀችም። ተለጥፋ ቀረች! ልጆች «ድንጋይ ላሽ» ይሏታል። ጋራ ናት። ከላይ የጠቀስኳቸው አበበ ጌታሁንና ስቲያስኒ በ2007 የሰየሟቸው አምስቱ የዚች ዘመዶች ናቸው። አንዷ ሪዟ ሁለት ብቻ ስለሆነ ዱኦባርቢስ ተባለች፣ ሌላዋ ያቺ ክብ ነገር ስለተመናመነችባት ሬግረሰስ ተባለች። አጥማጅ አይፈልጋትም፣ ምጣድ አትሞላም፣ ስለዚህ ማንም አያያትም። እኔ የያዝኳት የትኛዋ ናት? የአንገቷን ቅርፊትና ሪዟን ቆጥሬ የድሮው፣ ደምቤንሲስ፣ መሰለችኝ። መሰለችኝ ነው፣ የጽሑፍህ ዓይነት እርግጠኝነት የለኝም።

ከታች ወርደህ ደግሞ አፋር ድረስ ሂድ። ደሴ ሱቅ የምንገዛው ጨው ከአፍዴራ ነው የሚመጣው። አፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች፣ ጨዋማ፣ ፍል ውሃ የሚገባበት ነው። እዚያ ውስጥ ዓሣ አለ ብትባል ታምናለህ? ሁለት አሉ፣ ሌላ የትም ዓለም የማይገኙ። አንዱ በ1931 ነው የተሰየመው። ሌላውን በ2001 አበበ ጌታሁንና ላዛራ ሰየሙት፣ ስቲያስኔ ብለው፣ በሜላኒ ስቲያስኒ ስም። ስማቸውን ለማስጠራት ካልክ ይኸው፣ የራሳቸውን አልሰጡትም። ሐይቁ ዙሪያ የጨው ሥራው ሰፊ ነው። ሐይቁ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ስም ያለው ዓሣ ነው የሚጠፋው፤ ስም ባይኖረው የሚጠፋውን ነገር እንኳ አናውቅም ነበር። ይበላል እንጂ አይጠናም ያልከው እዚህ ላይ አይሠራም፣ ይህ ዓሣ አይበላም፣ ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጽሑፍህ ጋር አይያያዝም ልትል ትችላለህ። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ አንድ ማሰሮ ነበር። ውስጡ የጠወለገ፣ ነጭ የሆነ ዓሣ። ቀለሙ ስለጠፋ ምን ይመስል እንደነበር አይታወቅም። ወረቀት ተለጥፎበታል። አንድ ቃል ነው የተጻፈበት፦ «ዓሣ»። ከየትኛው ወንዝ፣ መቼ፣ ማን ያዘው፣ ምንም የለም። በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ የነበረ ሌላ ነገር ነበር መሰለኝ፣ አልኮሉ ስለነካው ፈስሶ ሰማያዊ ጥላ ብቻ ቀርቷል። አስተማሪያችን በየዓመቱ «ይህ ዓሣ ነው» እያለ ያሳየን ነበር። ምናልባት ማንም ያልሰየመው ነበር። ምናልባት ቀረሶ ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጸቡን እንተወውና አንድ ቅዳሜ ቦርከና እንውረድ። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ጸሐይ ሳትበረታ። ማሰሮና አልኮሉን እኔ አመጣለሁ። አንተ እርሳስ ያዝ። እስክሪብቶ አይሆንም።